ያልፈረሰው ገበጣ

ገበጣ የምንጫወተው በብይ ነበር፤ እኔና ጎረቤቴ፣ ጭሮ ገበያ አጠገብ፣ እሱ ጫት ከሚሸጥበት ዳስ ሥር። አጨዋወቱ ቀላል ነው። ከራስህ ጉድጓድ ብዮቹን በሙሉ ታነሣለህ፤ ወደ ቀኝ አንድ አንድ እየጣልክ ትዞራለህ፤ የመጨረሻዋ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ስታርፍ ተራው የባላጋራህ ይሆናል። እሱ ሁልጊዜ ከዳር ነበር የሚያነሣው።

«ከዳር የሚያነሣ ሞኝ ነው» እለዋለሁ።

«ሞኙ ሲያሸንፍህ ኖረ እኮ!» ይለኛል።

አንድ ቀን ተራው የእሱ ሆኖ ሳለ አመመውና ተነሣ። «ወላሂ እመለሳለሁ፤ እንዳታፈርሰው» አለኝ። አልተመለሰም፤ ቀበርነው። እኔም የእንጨት ገበጣውን እንዳለ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ቆለፍኩበት።

ትናንት ብዮቹን ለሚስቱ ልመልስ ብዬ ሳጥኑን ከፈትኩ። የእሱ የዳር ጉድጓድ ባዶ ነው። ቀጥለው ባሉት አንድ አንድ ተጨምሯል። ባዶ በነበረው ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ብይ ብቻዋን ተቀምጣለች።

ልጄን ጠራኋት። «ማን ነካው?»

«አባባ፣ ቁልፉ እርስዎ አንገት ላይ አይደል እንዴ?»

እውነቷን ነው። ብዮቹን አልመለስኩም። አሁን ተራው የኔ ነው። ብጫወት መልሶ ይጫወታል ብዬ እፈራለሁ፤ ብተወው ደግሞ ምስኪኑ ሲጠብቀኝ ሊኖር ነው።