በከሰል የተሣለችው ሴት ከንፈር

ሰሌዳ ጻፊው እጁን የፈታው በፊደል ነበር። የፀጉር ቤት ይሁን የጫማ መደብር፣ ማንም ቢያዘው መስመሩ ቀጥ፣ ጠርዙ ስል ነው። የሰው ፊት ሲሆን ግን እጁ ይተሳሰራል። ስለዚህ ጎረቤቱን፣ ጡረታ የወጡትን የሥዕል መምህር፣ ደጅ ጠንቶ «ያስተምሩኝ» አላቸው።

መምህሩ ቀለም አላስነኩትም። በወጣትነቷ የሞተችባቸውን ሚስታቸውን በከሰል ብቻ የሣሉበትን ወረቀት ከግድግዳ አወረዱ፤ መስተዋቱ እንዳያንጸባርቅበትም ከፍሬሙ አወጡት። ሴትዮዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ መስኮት ዞራለች። ከመልኳ የቀረው ይኸው ብቻ ነው፤ ፎቶግራፍ እንኳ የላትም።

«ይቺን ገልብጥ» አሉት። «ዓይንህን ጨፈን አድርገህ እይ። ጥላው የት እንደሚጠቁር፣ የት እንደሚሳሳ ፈልግ። ብርሃኑን ግን አትሣለው፤ ወረቀቱን ተወው፣ ራሱ ያበራል።»

አራት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገለበጠ። አንገቷ ወጣለት፤ እጆቿም ነፍስ ዘሩ። ከንፈሯ ላይ ግን የሙያው አመል አሸነፈውና ዙሪያውን በመስመር ከበበው።

«አንተ ሰውዬ፣ የሚስቴን አፍ እንደ ሱቅ ስም ጻፍከው እኮ!» አሉ መምህሩ እየሳቁ። «ስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው የቀረው።»

«ይቅርታ ጋሼ፣ እጄ ለምዶብኝ ነው።»

አንድ ቅዳሜ መምህሩ ሻይ ሊያፈሉ ጓዳ ገቡ። ከላጲሱ የረገፈ ፍርፋሪ ዋናው ሥዕል ላይ፣ እዚያው ከንፈሯ ላይ አረፈ። ሰሌዳ ጻፊ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሰሌዳውን በጨርቅ ጠረግ ያደርጋል። ሃያ ዓመት የለመደው እጁ ሳያስፈቅደው ያንኑ አደረገ። ጨርቁ ሲነሣ ከንፈር የለም፤ ግራጫ ጭጋግ ብቻ።

የራሱን ግልባጭ አየ፤ እዚያ ያለው መስመር ነው፣ አይረዳውም። ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ሲንቃጨል ሲሰማ ከሰሉን አንሥቶ፣ ከፍርሃቱ ብዛት መስመር ለማስመር እንኳ ሳይደፍር፣ በጣቱ እያደበዘዘ ከንፈር ሠራላት። የማን ከንፈር እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ጫፉ ላይ ፈገግታ ቢጤ ነበረበት። የሚቆጨው፣ ጥላ አጣጣል የገባው በዚያች ቀን መሆኑ ነው።

መምህሩ ዓይናቸው ደክሟል። አየት አድርገው «ዛሬ ደስ ብሏታል» አሉና ወደ ፍሬሙ መለሷት። እሱም በሆዱ «ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ። ነገ ነገን ወለደ። በጸሎቱ ስንቱን ኃጢአት ሲዘረዝር ይህችን አንዷን ብቻ ይዘላት ነበር። መምህሩም ሳይሰሙ ዐረፉ።

ሥዕሉ ለሴት ልጃቸው ደረሰ። እናቷ ስትሞት ጡት ያልጣለች ሕፃን ነበረች። አንድ ቀን ሰሌዳ ጻፊው ሊጠይቃት ቢሄድ፣ የትንሿን ልጇን አገጭ ይዛ ወደ ሥዕሉ አዞረቻት።

«አዩልኝ ጋሼ፣ ይቺ ሳቋን ከእናቴ ነው የወረሰችው።»

ያኔ አላስቻለውም። ጨርቁንም፣ ፍርፋሪውንም፣ ዝምታውንም አንድ ሳያስቀር ነገራት። ትጮህብኛለች ብሎ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። አልጮኸችም።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። «የእሷ ከንፈርስ ምን ይመስል ነበር? እርስዎ አይተውታል።»

ዓይኑን ጨፈነ። አንገቷ መጣለት፤ እጆቿ መጡለት። ከንፈሯ ጋ ሲደርስ የሚታየው የራሱ መስመር ብቻ ሆነ።

«ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ ልጄ» አላት። «አራት ወር ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አላየሁትም።»