አምላከ ጊዮርጊስ ብዬ ብጣራ የደረሰልኝ ሰው

ሰኔ ገብቶ ገብስ የሚዘራው ሁሉ ዘሩን እያወጣ ነበር። እኛ ስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬደው አገራችን፣ የዘር እህሉን ዛሬም ጉድጓድ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ባሌ አንዱ ነው። ጆንያ አያምንም።

የእህል ጉድጓድ እንደተከፈተ አይገባበትም፤ የታፈነው አየር ሰው ይገድላል። ድሮ የበራ ኩራዝ በገመድ ይወርድና ይታያል። ከጠፋ ጉድጓዱ ተከፍቶ ይቆያል፣ ካልጠፋ ይገባበታል። ባሌ ይህን ከኔ በላይ ያውቃል። ነገር ግን ኩራዝ ከቤታችን ከወጣ ቆይቷል፤ የምናበራው በሶላርና በስልክ ነው። ስለዚህ የስልኩን ባትሪ አብርቶ በገመድ አወረደው። ስልኩ እታች ቦግ ብሎ በራ።

"አየሽ? ደህና ነው" አለኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ስልክ ምን ትንፋሽ አለውና ነው የሚጠፋው?"

"እስቲ አትነዝንዥኝ" ብሎኝ ወረደ።

ገና እህሉን ከመርገጡ ጉልበቱ ከዳው። አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ከዚያ ዝም አለ። ብጠራው አይመልስም። ገመዱን ስስበው ስልኩ ብቻ ወጣ፣ አሁንም እየበራ።

"አምላከ ጊዮርጊስ! ኧረ አምላከ ጊዮርጊስ ድረስልኝ!" ብዬ ጩኸቴን አቀለጥኩት። ጊዮርጊስ ደብራችን ነው። በኛ አገር በታቦት ስም ሲጮኽ ሰምቶ የሚቀመጥ ሰው የለም።

ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጎረቤታችን! እኛ ድንበር ገፋብን፣ እሱ ገፋችሁብኝ ተባብለን፣ ተካሰን፣ ሰላምታ እንኳ ያቋረጥነው ሰው። የንስሐ አባታችን መስቀል ይዘው ታረቁ ብለው ቢለምኑን እምቢ ብለናቸዋል። በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ጥሎ እየሮጠ መጣ። በዚያች ሰዓት እንኳ ሳየው ደሜ ፈላ።

ዞሮም አላየኝ። ጋቢውን ጉድጓዱ ውስጥ ከላይ ወደ ታች እየደጋገመ አራገበና አየሩን በጠበጠው። አህያ የምንጭንበትን መጫኛ ወገቡ ላይ አስሮ ጫፉን ለኔና ተከትላው ለደረሰችው ሚስቱ ሰጠን። "ከወደቅኩ ሳቡኝ" አለ። ሌላ ገመድ በእጁ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ ገባ። ባሌን በብብቱ ሥር አስሮ ሲወጣ ዓይኑ ደም መስሏል። ከዚያ ሦስት ሆነን ባሌን ጎትተን አወጣነው።

ባሌ ሣሩ ላይ ተዘረጋ፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሞተብኝ አልኩ። ደረቱን ስደቃ፣ አምላከ ጊዮርጊስን ስጣራ፣ ድንገት ሳል ያዘው። እንደዚያ ደስ የሚል ሳል በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

ጎረቤታችን ጋቢውን አራግፎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ወደ ኋላ አለ።

"ተይ፣ የጠራሽው ጊዮርጊስን ነው፣ እሱን አመስግኚ። የኔን ስም ብትጠሪ ኖሮ አልመጣም ነበር" አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው። ከዚያ ወደ በሬዎቹ ሄደ።

እውነቱን ነው። እኔም ባሌ ዓይኔ እያየ ቢሞት የሱን ስም አልጠራም ነበር።