ከጎዴ በአንድ ሰዓት

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከጅጅጋ ጎዴ ስንት ነው ሲሉት በኪሎ ሜትር አይመልስም፤ «ሁለት አዳር፣ ዝናብ ከያዘህ ሦስት» ይላል። አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ጎዴ የምታስተምረውን እህቴን ሊጠይቅ የሄደውም በመኪና ነው። እዚያ እያለ ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ።

የጎዴ ሐኪሞች በጀሶ አስረው፣ ቀዶ ሕክምና ስለሚያስፈልገው ወደ ጅጅጋ ላኩት። በዚያ መንገድ የተሰበረ አጥንት ይዞ መምጣት የማይታሰብ ነው። በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። እህቴ ትኬት ቆርጣ በተሽከርካሪ ወንበር አሳፈረችውና ደወለችልኝ።

«አሁን ተነሳ። ብቻውን ስለሆነ በሩ ላይ ጠብቀው።»

ጅጅጋ አውሮፕላን ማረፊያ የደረስኩት ቀድሜ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ከተማዋን ጉም ሸፍኗት የካራማራ ተራራ እንኳን አይታይም ነበር። አንድ ሰዓት አለፈ። ከጉሙ በላይ የሞተር ድምፅ ሰማሁ፤ ሁለት ጊዜ ዞረና እየራቀ ጠፋ። የአባቴ ስልክ ዝግ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ። አጠገቤ ልጃቸውን የሚጠብቁ አንዲት ሶማሌ እናት ተቀምጠው ነበር።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ጉም ነው። ፀሐይ ስትበረታ ይነሳል።»

ቆይቶ አንድ ሠራተኛ ወጥቶ አውሮፕላኑ ድሬዳዋ ማረፉን ነገረን። እፎይ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣብኝ። ከድሬዳዋ በመኪና ይምጡ ቢባልስ? ያን ሁሉ ዳገትና ጠመዝማዛ በዚያ እግር እንዴት ይችለዋል? ይህን እያሰብኩ ስልኬ ጠራ።

«ድሬዳዋ ነኝ» አለ አባቴ፣ ረጋ ብሎ።

«አባባ፣ እግርዎ እንዴት ነው?»

«እግሬ ደህና ነው። ሹፌሩ ጎበዝ ሰው ነው። መንገዱ አልታየው ሲል አልደፈረም፣ ተመለሰ። ጉሙ ሲነሳ እንሄዳለን ብለውናል፤ ማንም አልወረደም።»

እኔ የፈራሁትን ያህል እሱ አልፈራም ነበር።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሰማዩ ተከፈተ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሴትየዋ እጄን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ። አባቴ የመጨረሻው ተሳፋሪ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር ወጣ፤ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ያልበላውን ብስኩት በእጁ ይዟል። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩት። እንባዬን እንዳያይ ቶሎ ቀና አላልኩም።

«ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ቁርስ አልበላህም እንዴ?»

ከዚያው በቀጥታ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና አጥንቱ ከቦታው እንዳልተንቀሳቀሰ ነገረን። በማግስቱ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።