ጎርፍ የማይደርስበት ቤት

ደቻቱ ወንዝ ዳር ስኖር ጆሮዬ አያስጨንቀኝም ነበር። የሠራሁበት የባቡር ጥገና ክፍል መዶሻ ድሮ ነው የደፈነው፤ ጠጋ ብለው ካልጮሁብኝ አልሰማም። ወንዙ ደግሞ ለወራት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርምና፣ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል፣ ተራራው ላይ በጣለ ዝናብ ድንገት ይደርሳል። ዝናቡም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወቅቱን ረስቷል። ሲቀር ይቀራል፤ ሲመጣ ቤት ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ተስማማን። ተራራው ሲጠቁር ያየ ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፤ ያም ቀጣዩን። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሁላችንንም ስለሚጥለን ነው። እኔ የደረስኩት ለጎረቤቴ ለሶማሌዋ ባለሱቅ ነው። ማንኳኳት ስለማይሠራልኝ ዘው ብላ ትገባና እግሬን በመጥረጊያ እንጨት ትጎሽመኛለች፤ በሶማሊኛ የጀመረችውን ስድብ በአማርኛ ትጨርሰዋለች። ብዙ ጊዜ ደመናው ተበትኖ ይቀራል። በከንቱ ቀሰቀስሽኝ ብዬ ስነጫነጭ፣ "አቦ፣ ስትሞት ትተኛለህ!" ትለኛለች።

አንድ ቀን ግን ውሃው የእውነት መጣ። እኔን ልታስወጣ ስትገባ የሱቋ እቃ ሁሉ ሄደ። ድልድዩ ላይ ቆመን የሩዙ ጆንያ ሲንሳፈፍ አየን።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ተበተነ። እሷ ልጇ ዘንድ ገባች። ለእኔ ወንድ ልጄ ከፍ ካለ ቦታ ኮንዶሚኒየም ተከራየልኝ። ደህና ቤት ነው፣ አላማርርም። ግን ብቸኝነቱ ገደለኝ። እሷን ባገኛት ብዬ ቀፊራ ገበያ ስዞር እውላለሁ። ስልክ ትደውላለች፤ የምትለው አይሰማኝም፣ መጮኋ ብቻ ነው የሚሰማኝ። እሱም ደስ ይለኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት ተራራው ጠቆረ። እግሬ ዝም ብሎ ወሰደኝና ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳሁ። ሕፃን ያቀፈች ወጣት ሴት ከፈተችልኝ። ተራራው ጠቁሯል አልኳት። ግራ ገባት። ደግሜ እየነገርኳት እጄን ወደ ጆሮዬ ሳደርግ፣ ጠጋ ብላ ጮኸች።

"አባባ፣ እዚህ እኮ ጎርፍ አይደርስም።"

"አውቃለሁ" አልኳት። "ጎረቤትሽ ነኝ። ጆሮዬ አይሰማም። አንድ ቀን ሳልወጣ ከዋልኩ፣ ገብተሽ ቀስቅሺኝ ልልሽ ነው።"

የቱ ቤት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከኋላዬ ያለውን በር አሳየኋት። ከገባሁበት ዓመት ሊሞላኝ ነበር።

ሕፃኑን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችና በሬን ቆማ አየችውና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ባዶ ቤት መስሎኝ ነበር" አለችኝ።