ላስቲክ የለበሱ ማሽኖች

ቡታጅራ ውስጥ ከጋሽ ሳላሀዲን እጅ ዕቃ ማውጣት ከመሬት ሆድ ነዳጅ ከማውጣት ይከብዳል። የአንድ ማሰልጠኛ ተቋም ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው አርጅተዋል። ጠመኔ ለመውሰድ ሦስት ፊርማ ይጠይቃሉ። «ግምጃ ቤታቸው አይጥ እንኳ ሳትፈርም አትገባም» እያልን ካፌ ውስጥ እንስቅ ነበር፤ እሳቸው ሲሰሙት እንደ ሹመት ቆጠሩት።

የዛሬ አራት ዓመት ከእስያ ስምንት የኤሌክትሪክ ስፌት ማሽኖች በእርዳታ መጡ። በርክክቡ ቀን የለጋሾቹ ተወካይ በአስተርጓሚ ተናገሩ። «እኛም ድሆች ነበርን። ልጆቻችን እንዲህ ያሉትን ማሽኖች እስኪሰበሩ ድረስ ተማሩባቸው፤ ከዚያ ሰው ሆንን።» አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ ሳላሀዲን ከንግግሩ የያዙት «እስኪሰበሩ ድረስ» የሚለውን ብቻ ነው። ማሽኖቹን የተረከቡት በፊርማቸው ነዋ። ያኔውኑ ላስቲክ አልብሰው ቆለፉባቸው።

ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ የሚገለጡት ጎብኚ ሲመጣ ነው። እንደ ሙሽራ ይገለጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ሶኬት ሳይነካቸው ተመልሰው ይሸፈናሉ። ሰልጣኙ የሚማረው በእግር በሚረገጠው አሮጌ ማሽን ነው። እሱ ደግሞ ካልታገሉት አይነቃነቅም፤ ከተነሳም ድምፁ ጎረቤት ከተማ ቡኢ ድረስ ይሰማል።

ከሰልጣኞቹ አንዷ የገዛ ልጃቸው ሩፋይዳ ነበረች። የዩኒፎርም ስፌት ቤት ያላት ሀያቱ «የብቃት ምዘናውን ካለፍሽ በማግስቱ ሥራ ግቢ» ብላታለች። ካላለፈች ግን ጅዳ ያለችው አክስቷ ቪዛ ይዛ እየጠበቀቻት ነው፤ ለሰው ቤት ሥራ። ሩፋይዳ መሄድ አልፈለገችም።

«አባ፣ ምዘናው በኤሌክትሪኩ ነው አሉ። አንድ ቀን ብቻ ክፈትልኝ።»

«ለልጁ ከፈተ እንዲሉኝ ነው?»

«ለሁሉም ክፈተዋ እንግዲህ።»

«ለሁሉም ከፍቼ ሲሰበር ማን ሊጠየቅልኝ? ስፌት ያው ስፌት ነው ልጄ። ጠንከር አድርገሽ ርገጪው።»

አሰልጣኙ ስምዖንም ለመናቸው። «ጋሽ ሳላሀዲን፣ እነዚህ ማሽኖች እኮ ሊሰፋባቸው ነው የመጡት።»

«በፊርማ ነው የመጡት» አሉት።

ወልቂጤ፣ ምዘናው ላይ፣ ሩፋይዳ «ቢስሚላህ» አለችና አባቷ እንዳሏት ጠንከር አድርጋ ረገጠች። ማሽኑ ፍሬን እንደበጠሰ የጅማ አውቶቡስ ተፈተለከ። የሸሚዙን ኮሌታ ጠቅልሎ ዋጠና መርፌውን ሰብሮ ቆመ።

መዛኟ «ከዚህ በፊት ነክተሽው አታውቂም?» ብላ ጠየቀቻት።

ምን ትበል? ቁልፉ አባቴ ኪስ ውስጥ ነው አይባል።

ማታ በሚኒባስ ተመልሳ በሩ ላይ ቆመች። «አባ፣ ለካ ቀስ ተብሎ ነው የሚረገጠው» አለቻቸው። ድጋሚ ምዘናው ሳይደርስ ቪዛው ቀደመ።

ከሄደች በኋላ አንድ ቀን ጋሽ ሳላሀዲን ካፌ መጥተው «ይቺን ነገር ክፈቱልኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጡን። የድምፅ መልእክት ነው።

«አሰላሙ አለይኩም አባ። ደህና ነኝ፣ አታስብ። እመቤቴ የኤሌክትሪክ ስፌት ማሽን አላት። አቧራውን ጥረጊ እንጂ እንዳትነኪው ብላኛለች። በላስቲክ ነው የምትሸፍነው። አንተን ትመስለኛለች፤ ባየኋት ቁጥር ትናፍቀኛለህ።»

እየሳቀች ነበር የምትናገረው። በቡታጅራ ቀልድ አዋቂ የተባለው ሁሉ ዓይኑን ሻዩ ላይ ተከለ። ጋሽ ሳላሀዲን ስልኩን ተቀብለው፣ ያዘዙትን ሳይጠጡ ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ግምጃ ቤቱን ከፍተው ላስቲኩን ሁሉ በእጃቸው ገፈፉ። ስምዖን ሰልጣኞቹን ይዞ መጣ።

«ቢሰበርስ ጋሼ?» አላቸው።

«ይሰበር።»

የመጀመሪያው ማሽን ሶኬት ተሰካ። ዝም። ሁለተኛው ዝም፤ ሦስተኛውም። ስምዖን ጎንበስ ብሎ ከሥር ተመለከተ። አይጥ ሽቦውን ቆርጥማ ጨርሳ፣ ከሞተሩ ሥር ጎጆዋን ሠርታ ወልዳበታለች። እየዞረ ሁሉንም አየ።

«የስምንቱም እንዲሁ ነው ጋሼ» አለ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው።

ሰልጣኞቹ አንድ በአንድ ወጡ። ጋሽ ሳላሀዲን ወንበር ስበው ከማሽኖቹ አንዱ ፊት ተቀመጡ። ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አድርገው ረገጡት፤ ቀስ አድርገው፣ በጣም ቀስ አድርገው።