የጠፋው እሳት

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ከፎንቆ ከተማ ወጣ ብሎ አዲሱን ቤቴን በሠራሁበት ክረምት ነው። ዝናብ በጠና ቁጥር ትዝ ይለኛል። ፊደልን በራሴ ከቆጠርኩ ጀምሮ ሰውን ሰው የሚያሰኘው ምን እንደሆነ በመጻሕፍት ስፈልግ ኖሬያለሁ። ያገሬ ሰው ግን ነገሩን በምድጃ እንደሚለካው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቤቱን የሠራልኝ ሱሊቶ ነው። እንደ እሱ እንጨት የሚጠርቡትንና ሸክላ የሚሠሩትን ቤተሰቦች ሌላው ሕዝብ በንቀት የሚጠራበት ስም አለ። እዚህ አልጽፈውም፤ ሰውየው የራሱ ስም አለው።

በእኛ ሰፈር ልማዱ እንዲህ ነበር። ሱሊቶ ምሰሶውን ሲተክል፣ ጣራውን ሲያዋቅር ውስጥ ይበላል፣ ውስጥ ያድራል። ምድጃው ላይ የመጀመሪያው እሳት ሲነድ ግን ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ደጃፉን አልፎ ቢገባ ቤቱ ይረክሳል ይባላል። ላሞቻችን እዚያው እሳቱ አጠገብ ያድራሉ።

ሐምሌ ላይ መሬቱ ርሶ ምሰሶው ሰመጠ። ጣራው ወደ እናቴ መኝታ አጋድሎ ይንቋቋ ጀመር። እናቴ ወገቧን ታማ ከተኛች ሰንብታለች፤ ስንነካት ትጮኻለች፤ ውጭው ደግሞ ዶፍ ነው። ሮጬ ሱሊቶን ጠራሁት። መጥቶ ደጅ ዝናቡ ውስጥ ቆመ።

"ይግባ" አልኩ።

"እሳት እየነደደ?" አለች እናቴ። "ይውደቅብኝ!"

ያን ጊዜ ወንጌል እያነበብኩ ሰፈሩን የማስተምር ሰው ነበርኩና ስብከት ጀመርኩ። ሁላችንም ከአንድ አፈር መፈጠራችንን አስረዳሁ። ከአዳም ተነስቼ ሐዋርያት ጋ ስደርስ ከጣራው ላይ ሣር ተዘረገፈ።

"ስብከቱን ለእሁድ አቆየው!" አለችኝ።

አጎቴ ሄራሞ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ነገሩ ቀላል ነው። እሳቱን እናጥፋው። እሳት ከሌለ ቤቱ ገና አላለቀም፤ ካላለቀ ደግሞ ይገባል።"

ለእርዳታ የተሰበሰቡት ጎረቤቶቼ ሁሉ በዚህ ጥበብ ተደነቁ። እናቴም አሰበችበትና እሺ አለች። ምድጃው ላይ ውኃ ተደፋ።

"አሁን ሰው ሆንኩ?" አለ ሱሊቶ ከውጭ።

"ግባ አንተ ቀልደኛ!" አሉት አጎቴ።

"ላሟ ስትገባም ታጠፋላችሁ?"

መጥረቢያውን ይዞ ገባ።

ሥራው እንዳሰብነው አልፈጠነም። ጣራውን በድጋፍ እንጨት ቀጥ አድርጎ፣ ከምሰሶው ሥር ድንጋይ እየጠቀጠቀ ቆየ። እናቴ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ጀመር። ያለንን ጋቢ ሁሉ ደረብንባት፤ አልሞቃትም። ከንፈሯ ጠቆረ። ጣራው ከመውደቅ ሲድን እናቴ በብርድ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

"እሳት" አለች።

"ሰውየው ገና አልወጣም እኮ" አሉ አጎቴ።

"እስኪወጣ ልሙትልህ?"

ከጎረቤት ፍም መጣ። እንጨቱ ግን እርጥብ ነበር፤ እኔም አጎቴም ብንነፋው ጢስ ብቻ ሆነ። ሱሊቶ ምሰሶውን አጽንቶ ጨረሰና ጎንበስ አለ። ከጠረበው ድጋፍ የወደቀውን ደረቅ ስንጥር ሰብስቦ ፍሙ ላይ አደረገና እፍ አለበት። እሳቱ ቦግ አለ። እሱ እንዳያረክሰው የጠፋው እሳት በእሱ ትንፋሽ ነደደ።

ሱሊቶ መጥረቢያውን አንስቶ ወጣ። ነፋሱ ዝናቡን በደጃፉ ወደ ውስጥ ይረጫል።

"በሩን ዝጋው እንጂ!" ብላ ጮኸች እናቴ።

"በየት በኩል ሆኜ ልዝጋው እማማ?"

እናቴ ምሰሶውን አየች። እሳቱን አየች።

"በውስጥ በኩል" አለች። "ይበርዳል።"

ገብቶ ዘጋውና እሳቱ ዳር ተቀመጠ።

እኔ ከአዳም ጀምሬ ያልቻልኩትን ብርድ መቻሉ ዛሬም ይከነክነኛል። እናቴ ተሸንፌያለሁ ብላ አታውቅም። ያን ቀን እሳቱ በደንብ አልያዘም ነበር ትላለች። ከዚያ ወዲህ ሱሊቶ ብቅ ባለ ቁጥር፣ እሳቱ እየተንቦገቦገ፣ "ገና አልያዘም፤ ግባና ተቀመጥ" ትለዋለች። ውሸት በቤቴ አልወድም፤ ልጆቼንም በዚህ እቀጣለሁ። ይህን ስሰማ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።