የማይሞላው ሜሞሪ

በፊልሙ ዘመን ላሊበላ ውስጥ ደህና ፎቶ አንሺ ነበርኩ። አንዱ ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሰው ዓይኑን በደንብ ሳይገልጥ አላነሳም ነበር። ከዚያ አብሬው ስዞር የሰነበትኩት አንድ ቱሪስት ሲሄድ ዲጂታል ካሜራውን ሰጠኝ። ሜሞሪዋ ስልሳ ፎቶ ይዛ ትሞላለች። ትልቅ ልገዛ ወልድያ ወረድኩ።

ሻጩ ሁለት አወጣልኝ። አንዷ የታወቀ ስም ያላት፣ አንድ ጊጋ። ሌላዋ በወርቃማ ቀለም የተጻፈባት፣ ሠላሳ ሁለት ጊጋ። ዋጋቸው እኩል ነው።

«እንዴት እኩል ሆኑ?» አልኩት።

«ያቺኛዋ ለስሟ ነው የምታስከፍልህ። ይቺን ግን ዕድሜህን ሙሉ ብታነሳባት አትሞላም።»

አሳመነኝ። እዚያው አሥር ያህል አንስቼ ሞከርኳት፤ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየ። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ ጊጋ ምን እንደሆነ ሳስረዳ ዋልኩ።

በሳምንቱ ገነተ ማርያም አንድ መሪጌታ ልጃቸውን ሲድሩ ጠሩኝ። በጠዋት ገና ዳሱ ሲተከል ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ፊልሙ እንዳያልቅብህ» አሉኝ።

«የኔታ፣ ይሄ አያልቅም።»

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። ወሬው ባንድ አፍታ ተዛመተ። ሙሽራው ከኩልመስክ እስኪደርስ ዘመድ በየተራ ተሰለፈ፤ አንድ የሙሽራዋ አጎት በሬዎቻቸውን ሳይቀር አስነሱ። እኔም ሳልሰስት አነሳሁ፤ ዓይኑን የጨፈነውንም አላለፍኩም።

በማግስቱ ፎቶ የሚታተምበት ቤት ሄጄ ኮምፒውተር ላይ ከፈትናት። የዳሱ ምሰሶ አለ፣ የጠላው ጋን አለ፣ በሬዎቹም ከነባለቤታቸው አሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግራጫ ነው። ሙሽራም ሚዜም የለም።

«ሠላሳ ሁለቱ ላይዋ ላይ ብቻ ነው የተጻፈው። ውስጧ የአንድ ጊጋ ሩብ እንኳ የላትም» አለኝ የቤቱ ባለቤት።

የኔታ ዘንድ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ የዚያን ቀን አጠረብኝ።

«የለም ማለት ምንድነው? ስታነሳ አይቼህ የለ?»

«አንስቻለሁ፣ የኔታ። አልተቀመጠም እንጂ።»

«ታዲያ የት ሄደ?»

ለአውቶቡሱ ሽማግሌ ያን ሁሉ ያስተማርኩ ሰው፣ «ወልድያ ላይ ተታለልኩ» ብቻ አልኳቸው። የኔታ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ለመልስ ሲመጡ እንደገና ይለብሳሉ» አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሙሽሮቹ ካባቸውን ደርበው ቆሙልኝ። አንዱ ሚዜ አዲስ አበባ ሄዶ ስለነበር በእሱ ቦታ አጎትየው ቆሙ። እኔ ያቺን የስልሳዋን ሜሞሪ ይዤ ዓይናቸው በደንብ እስኪገለጥ እጠብቃለሁ። ሙሽራዋ ግን የአጎቷን ሚዜነት ባየች ቁጥር ሳቋ ያመልጣታል።

«አንገትሽን ድፊ እንጂ! ሙሽራ አይደለሽም?» ተቆጡ የኔታ።

«አባቴ፣ ሦስት ሳምንት አብሬው ኖሬ አሁን ምኑን ልፈር?»

ባልዋም ሳቀ፤ እኔም የዚያኔ የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ያ ፎቶ ተለቅ ብሎ ታትሞ የኔታ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። አንድ ቀን እኔው ባለሁበት ለመጣ እንግዳ ሲያሳዩት ሰማኋቸው። «የሠርጓ ዕለት ነው» አሉ ኮራ ብለው። «በጊዜያችን እንዲህ የምትስቅ ሙሽራ አልነበረችም።»

እኔ ጠላዬን ጠጣሁ።